ስድስት ቮልት ለወርቅ

ከአማን ተነስቶ በበበቃ ቡና እርሻ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ዲማ ያደርሳል። ዲማ የጋምቤላ ክልል ናት፤ ገበያዋ ግን ከእኛው ከሚዛን አማን ጋር የተቆራኘ ነው። ከዚህ ጨው፣ ዘይት፣ አካፋና ዶማ ይወርዳል፤ ከዚያ ወርቅና የወርቅ ወሬ ይወጣል። ከሁለቱ ፈጥኖ የሚደርሰው ወሬው ነው። ቡና ደርቆ በሚጫንበት ወቅት መናኸሪያው አካባቢ ቁጭ ያለ ሰው፣ አኮቦ ወንዝ ዳር አንድ ልጅ በጠዋት ስላነሳው ጓል ወርቅ ከሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ግራም ይሰማል።

ጋሼም ከእነዚህ አንዱን ሰሙ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በቡና፣ በኮረሪማና በጥምዝ የኖሩ፣ መሬት የሚያውቁ ሰው ናቸው። የዚያ ዓመት ቡናቸው ደህና ዋጋ አወጣ። ባለቤታቸው እትዬ የቤቱ ቆርቆሮ ይለወጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ጋሼ ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ክብ ኮይል የተገጠመለት የወርቅ መፈለጊያ ማሽን በትከሻቸው፣ ከባድ የባትሪ ቦርሳ በወገባቸው አድርገው ከደጅ ገቡ። ሻጩ በሱዳን በኩል የመጣ ነው ብሏቸዋል። እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከቤተሰቡ የእንግሊዝኛ መመሪያ የማነብ፣ ሬዲዮ ፈትቼ የምገጥም እኔ ስለነበርኩ።

ማሽኑ ያረጀ ማይንላብ ነው፣ ኤስዲ ከሚባለው ትውልድ። አውስትራሊያዊው የፊዚክስ ሰው ብሩስ ካንዲ የቀየሰው የዚህ ዘር በኩር፣ ኤስዲ 2000፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ በፊትም ሰው በማሽን ወርቅ ይፈልግ ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ግዛት ኪንጎወር በምትባል ቦታ ኬቨን ሂሊየር የተባለ ሰው 27 ኪሎ የሚመዝን ጓል ወርቅ ያወጣው በማሽን ነው። የቀድሞዎቹ ችግር ቀይ አፈር ነበር። ብረት የበዛበት አፈር ላይ ሲደርሱ መሬቱ ራሱ ይጮህባቸዋል። ኤስዲ ግን ወደ ኮይሉ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፣ ምቱን ያቋርጣል፣ ከዚያ ጆሮውን ይሰጣል። ምቱ አፈር ውስጥ ባለ ወርቅም ሆነ ሚስማር ላይ ጅረት ያስነሳል፤ ምቱ ሲቆም ያ ጅረት በቅጽበት አይሞትም፣ እየከሰመ ይሄዳል። ማሽኑ የሚሰማው ያንን መክሰም ነው። መሬቱ በአንድ መልክ ይከስማል፣ ወርቁ በሌላ መልክ። የሰውየው ሥራ ማሽኑን ቀኝቶ ሁለቱን መለየት ነው።

ይህ ሁሉ ግን በስድስት ቮልት ይሠራል። ስድስቱ ቮልት ከጎደለ ወይም ከተበከለ ቀሪው ከንቱ ነው። እኛን ያንከራተተን ይኸው ነው።

ቦርሳው ውስጥ የነበረው እንደ ዩፒኤስ ባትሪ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ነው። ሻጩ ፊት ጋሼ ቴስተር አስደርገው ነበር፤ 6.3 ቮልት አሳየ። ስድስት ቮልት የሚባለው ባትሪ ሦስት ክፍል ያለው ሲሆን ሞልቶ ሲያርፍ የሚያሳየው እንዲህ ያለ ቁጥር ስለሆነ፣ በቁጥሩ ማንም ሰው ይረካል። ዲማ ወርደን ጠዋት ማሽኑን ስንከፍተው መልካም ነበር። ፀሐይ ወጣ ሳይል ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቆይቶ መሬቱ ላይ ምንም በሌለበት ይጮህ ጀመር፤ ጋሼ በጮኸበት ሁሉ ያስቆፍራሉ። ሁለት ወጣቶች ቀጥረው ነበር፤ ጉድጓዱ እየበዛ የሚወጣው ድንጋይና አፈር ብቻ ሆነ። ቴስተሩን ማሽኑ ክፍት እንዳለ ስሰካው 5 ቮልት እንኳ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ነውና። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ወራት ከተቀመጠ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ጠጥሮ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ቶሎ የሞላ ይመስላል፤ ሥራ ሳይሰጡት ሲለኩት ቁጥሩ ሙሉ ነው። ጅረት ሲጠይቁት ግን የሚሰጠው የለውም። የሚፈተነው በሥራ ላይ ነው። ቀላሉ ዘዴ የመኪና ፍሬን አምፖል ነው፤ ያ 21 ዋቱ አምፖል በስድስት ቮልት ላይ ሲገጠም ደብዝዞ ይበራል፣ ከአንድ አምፔር ትንሽ ከፍ ያለ ጅረትም ይስባል። አምፖሉ እየበራ ቴስተሩን ይዞ ሻይ እስኪጠጣ መጠበቅ ነው። ጤነኛ ባትሪ ከስድስት ብዙም አይወርድም። የሞተው ዓይን እያየ ይወድቃል።

ዲማ ላይ አምፖልም ቻርጀርም ያለው ሰው ፍለጋ ስንዞር አንድ ሞተረኛ አዘነልን። የሞተሩን ባትሪ ነቅሎ «ጋሼ፣ በዚህ ይሥሩ፣ ማታ ይመልሱልኛል» አለ። ጋሼ መርቀው ተቀበሉት። ሽቦውን ሊያገናኙ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይኼ አሥራ ሁለት ነው።»

«ቢበልጥ ይሻላል እንጂ ምን ይጎዳል?»

«ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ደግሞ ጠጋኙ እዚህ አገር የለም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ሽቦውን ጥቅልል አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። ሞተረኛውን አመስግነን ባትሪውን መለስን። በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ አማን ወጣን፤ በበበቃ ስናልፍ ዝናቡ ያዘን፣ የባትሪ ቦርሳውን በጋሼ ጋቢ ሸፍነን ገባን።

አማን ላይ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ አለ። ሱቁ ጠባብ ናት፣ ጠረጴዛው ላይ ካውያውና እርሳሱ ሁልጊዜ ትኩስ ናቸው። አዲስ ስድስት ቮልት የታሸገ ባትሪ ከተማው ውስጥ ፈልገን ያገኘነው ለእጅ ባትሪ የሚሆን ትንሹን ብቻ ነው፤ እሱ ለማሽኑ አይበቃም። ልጁ የሞቱ ላፕቶፖች ባትሪዎችን ሰብስቦ ፈታቸው። በውስጣቸው ጣት የሚያህሉ የሊቲየም ሴሎች አሉ፤ አንድ ላፕቶፕ «ባትሪው ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሞተው ከሴሎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ነው። እያንዳንዱን ለይቶ ሞላ፣ አሳድሮ ለካ፣ ያላሽቆለቆለውን መረጠ። ሴሎቹን በሁለት ረድፍ አጋጥሞ በመሀል የመከላከያ ቦርድ ገጠመበት። ይህ ቦርድ የማይታለፍ ነገር ነው፤ ሊቲየም ከመጠን በላይ ከተሞላ ወይም ገመዱ ከተነካካ እሳት ያነሳል፣ የባትሪው ቦርሳ ደግሞ ያለው በሰው ወገብ ላይ ነው።

ሁለት ሊቲየም በተከታታይ ሞልተው 8.4 ቮልት ይሰጣሉ፤ እየተሠራባቸው ወደ 7.4 ይወርዳሉ። ለማሽኑ ይበዛል። ልጁ ቮልት የምታወርድ ትንሽ የቻይና ቦርድ ገጠመ፣ ልክ ስድስት ላይ አቆማት። ቴስተሩ 6.0 አሳየ፣ በአምፖል ሲፈተንም አልተነቃነቀም። ሁላችንም ደስ አለን። ጋሼ ለስላሳ አስመጡ።

ማሽኑን ከጋሼ ቤት ጓሮ፣ ቡናው ሥር ስንከፍተው ኢርፎኑ ውስጥ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ሞላ። ቅኝቱን ወዲህ ወዲያ ባዞርኩት ቁጥር ጉርምርምታው ይለዋወጣል እንጂ አይጠፋም። መሬቱ ነው ተባለ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው ተባለ። የሞባይል ማማው ነው ተባለ፤ ስልኮቻችንን አጠፋን። ከሰፈሩ ወጥተን ሞከርን፣ ያው ነው።

መፍትሔውን ያገኘነው በእትዬ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮውን በመካከለኛ ሞገድ፣ ጣቢያ በሌለበት ቁጥር ላይ አድርጌ ወደ ባትሪው ቦርሳ ሳስጠጋው ጮኸ፤ ሳርቀው ዝም አለ። ጩኸቱ የሚወጣው ከዚያች ትንሽ ቦርድ ነበር። እንዲህ ያሉ ቦርዶች ቮልት የሚያወርዱት ጅረቱን በሰከንድ በሺዎችና በመቶ ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ነው፤ መቆራረጡ በአየርም በሽቦም ይረጫል። ስልክ ለመሙላት ምንም ችግር የለውም። በማይክሮ ሰከንድ የሚከስም ደካማ ምልክት ለሚያዳምጥ ማሽን ግን ጆሮው ሥር ከበሮ እንደመምታት ነው።

ልጁ ነገሩን ሲሰማ ብዙም አላሰበ። ቦርዷን ነቅሎ ጣላት፣ በምትኳ ሁለት ወፋፍራም ዳዮዶች ከአሮጌ ቴሌቪዥን ፈትቶ በተከታታይ በየዳቸው። ዳዮድ ጅረት ሲያሳልፍ ወደ 0.7 ቮልት ያህል ለራሱ ያስቀራል፤ ሁለቱ 1.4 ወሰዱ። ሞልቶ 8.4 የነበረው 7 ሆነ፣ 7.4 የነበረው ልክ 6። ሞልቶ ከቻርጀር የወረደ የእርሳስ ባትሪም ለጊዜው ከስድስት ተኩል በላይ ስለሚያሳይ፣ ማሽኑ ያንን ይችለዋል። የማይቆራረጥ፣ የማይጮህ፣ ሁለት ብር የማያወጣ ጥገና ነው። ትንሽ ይሞቃል፤ ለዚያም የአልሙኒየም ቁራጭ አስደገፈው። ሬዲዮውን ሳስጠጋ ዝም አለ። ይህ ልጅ ኮሌጅ አልገባም። እንዲህ ያለውን እጅና ጭንቅላት አገር ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ቅኝቱ ቀረ። አሮጌው ማሽን ራሱን አይቃኝም። መጀመሪያ ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ እንዲሞቅ መተው ነው። ቀጥሎ ኮይሉን ወገብ አካባቢ አንስቶ ይዞ፣ በሩቅ ያለውን የኤሌክትሪክና የመብረቅ ጣልቃ ገብነት የሚቀንሰውን ቁልፍ ቀስ እያሉ ማዞር፣ ድምፁ በጣም የሚረጋበት ቦታ ላይ መተው። በእኛ አገር ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ አይለቅም፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠራቀም ገና መብረቁ ሳይታይ ኢርፎኑ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያን ጊዜ ሥራ ማቆም ይሻላል፤ ለጆሮም ለነፍስም።

ከዚያ የመነሻ ድምፁ ይስተካከላል። ብዙ ሰው ድምፁን ጸጥ ያደርገውና ማሽኑ እስኪጮህ ይጠብቃል። ደካማ ምልክት አይጮህም። ከዝምታ በጥቂቱ ከፍ ያለች፣ የማትቋረጥ እንጉርጉሮ መኖር አለባት፤ ወርቅ የሚታወቀው እንጉርጉሮዋ ከፍ ብላ ዝቅ ስትል፣ ወይም ዝቅ ብላ ከፍ ስትል ነው።

ዋናው መሬቱን ማስተካከል ነው። ኮይሉን ከጉልበት ከፍታ ወደ መሬት ማውረድ፣ መልሶ ማንሳት፣ ደጋግሞ። ሲወርድ ድምፁ ከጨመረ ቁልፉን ወደ አንድ በኩል፣ ሲወርድ ከቀነሰ ወደ ሌላው፤ መጀመሪያ ሻካራውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ረቂቁን። ሲወርድም ሲነሳም እንጉርጉሮዋ ሳትለወጥ ስትቀር መሬቱ ዝም አለ ማለት ነው። ከወንዙ ዳር ጠጠር ወደ ቀዩ ዳገት ሲወጣ እንደገና፣ ጥቁር ድንጋይ ያለበት ሲደረስ እንደገና። ይህን ሳያደርግ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አፈር ነው።

ለመፈተኛ ጋሼ የእትዬን ቀለበት ለመኑ። እትዬ ከጣታቸው እያወለቁ «ቀብራችሁት እንዳትረሱት» አሉ። በክር አስረን ቀበርነው። ማሽኑ ከሩቅ ጮኸ፤ የጋሼ ፊት በራ። ቀለበት ግን አይታመንም። ዙሪያው የተገጠመ ክብ ስለሆነ ጅረቱ ይዞርበታል፣ ያን ያህል ከሚመዝን ጓል ወርቅ እጅግ አብልጦ ይሰማል። ሻጮች ማሽን የሚያሳዩት በቀለበት የሆነው በከንቱ አይደለም። ከተቀጠቀጠ እርሳስ የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ ብንቀብር ምልክቷ የተሰማው ስንዝር ሳትሞላ ነው። እውነተኛው የማሽኑ ጆሮ ያ ነበር።

እንደገና ዲማ ወረድን። ባትሪው ውሎ አልደከመም፣ በሶላርም ይሞላል። ማሽኑ በሚገባ ሰማ። የሰማው ግን አብዛኛው የክላሽ ቀለሃ፣ የተሰበረ የዶማ ጫፍ፣ ሚስማርና ቆርኪ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ማሽን ወርቅን ከቀለሃ አስተማምኖ አይለይም፣ የሚለየው ቆፋሪው ነው። በዘንግ ጫፍ ማግኔት አስረን ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር እንፈትሻለን፤ ማግኔት የያዘው ወርቅ አይደለም። ገጀራና ብረት ያለው ጫማ ራቅ ተደርጎ ይቀመጣል። ከብዙ ቁፋሮ በኋላ ከአንድ ደረቅ ዳገት ሥር፣ ከክንድ ባነሰ ጥልቀት፣ ሁለት ግራም የማይሞላ ጓል ወጣ። ጋሼ መዳፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት፣ በምራቃቸው አጥበው እንደገና አዩት። ያንን ደስታ ማየቴ ለእኔ ድካሙን ሁሉ የካሰ ነው። የማሽኑን ዋጋ ግን አይመልስም።

ከዳገቱ ሥር ወንዙ ዳር ሴቶች ወርቅ ያጥባሉ። አንዲት እናት ገበቴያቸውን በውሃ ሞልተው ሲያሽከረክሩ ቆሜ አየሁ፤ ጠጠሩ ይፈሳል፣ አሸዋው ይፈሳል፣ በመጨረሻ ጥቁር አሸዋ ይቀራል፣ እሱም በጣት መታ መታ ሲደረግ ሸሽቶ ከጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቢጫ መስመር ይታያል። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ያ የናንተ ማሽን ይኼን ይሰማል?» አሉ። ኮይሉን ከገበቴው በላይ አሳለፍኩት። እንጉርጉሮዋ አልተለወጠችም። ቆይቼ ሞከርኩ፣ አልተለወጠችም። ብናኝ ወርቅ ላይ የሚነሳው ጅረት የሚሞተው ማሽኑ ማዳመጥ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ቅኝት አያድነውም፣ ባትሪም አያድነውም። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመው የሚያወጡት ወርቅ ለማሽኑ የለም። ማሽን ጓልን ይፈልጋል፣ ገበቴ ብናኙን ይለቅማል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ማሽን ያለው ይከብራል» የሚለው ወሬ ግን የስንቱን ቡና በላ።

እርግጥ፣ ወርቅ ዋጋው ንሯል፤ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ አንድ ወቄት ከ4,000 ዶላር አልፏል። ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ይገዛል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህም በሕጋዊው መንገድ የሚሸጥ ሰው ብዙ ተጠቃሚ ሆኗል። በአዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ባህላዊ አምራች ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማሽን ይዞ ከመውረድ በፊት የወረዳውን ማዕድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ የቆፈሩትንም ጉድጓድ ደፍኖ መሄድ ግዴታ ነው፤ ዝናብ የሞላው ክፍት ጉድጓድ ከብትም ሰውም ይበላል።

አሮጌ ማሽን ልትገዙ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ የፍሬን አምፖልና ትንሽ ሬዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪውን በሥራ ላይ ፈትኑት፣ ሻጩ በቀለበት ሳይሆን በትንሽ የእርሳስ ቁራጭ፣ በቀይ አፈር ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አስመስሎ የተሠራውም ብዙ ነው፤ የማይንላብ ባለቤት የሆነው ኮዳን ኩባንያ ንድፉ ተሰርቆ የሐሰት ማሽን አፍሪካ ውስጥ እንደተሸጠበት ራሱ በ2015 እ.ኤ.አ. ተናግሯል። ባለሙያ ካልፈተነላችሁ ቡናችሁን አትስጡ።

ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲና ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ደግሞ ልመናዬ ይኸው ነው፦ ዲማ፣ ቤሮና ማጂ ላይ በወርቅ የሚኖሩ ወጣቶች የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ቢያገኙ፣ ባትሪ መፈተን፣ ማሽን መቃኘት፣ ሊቲየም ያለ አደጋ ማሰር ቢማሩ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉድጓድ ይተርፋል። አሠልጣኙ ችግር አይሆንም፤ ያ ጠጋኝ ልጅ አማን አለ። ጋሼም ማሽናቸውን ለሥልጠና በነፃ ለማዋስ ፈቃደኛ ናቸው።